ተቆጣጣሪውን ማን ያጫል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን ስለ ዋና ኦዲተር፣ ስለ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድና ስለ ሕዝብ ቆጠራ ኮሚሽን የሚደነግገው በአንቀጽ 101፣ 102 እና 103 በተከታታይ ነው። ሦስቱም አንቀጾች የመሾም ሥልጣኑን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሰጣሉ፤ ምክር ቤቱ የሚሾመው ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀረበለትን ሰው ነው። በአንቀጽ 81 መሠረት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንትም የሚሾሙት በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ የመንግሥትን ሒሳብ የሚመረምረው፣ የመንግሥት ሥልጣን የሚያዝበትን ምርጫ የሚያስፈጽመው፣ የምርጫ ክልሎች የሚከለሉበትን የሕዝብ ቁጥር የሚያወጣውና በፌዴራል ጉዳዮች የመጨረሻ ቃል ያለውን ፍርድ ቤት የሚመራው፣ ሁሉም ወደ ወንበራቸው የሚደርሱት በአስፈጻሚው አካል የበላይ ታጭተው ነው።

በዚያው ሕገ መንግሥት ውስጥ ሌላ መንገድ የተተወላቸው ሁለት ተቋማት አሉ። አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽንንና የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምን እንዲያቋቁም፣ ሥልጣንና ተግባራቸውንም በሕግ እንዲወስን ሲያዝ፣ ዕጩውን ማን እንደሚያቀርብ ዝም ብሎ አልፎታል። ይህ ዝምታ በጎ ውጤት አስገኘ ብዬ አምናለሁ። የሰብዓዊ መብት ኮሚሽኑን ያቋቋመው የ1992ቱ አዋጅ ቁጥር 210 የማጨቱን ሥራ የሰጠው ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሳይሆን፣ የሁለቱ ምክር ቤቶች አፈ ጉባዔዎች፣ የምክር ቤት አባላት፣ ከእነርሱም መካከል ተቃዋሚ ፓርቲዎች በጋራ የሚመርጧቸው፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና የሃይማኖት ተቋማት ተወካዮች ለሚቀመጡበት ኮሚቴ ነው። ዕጩው ለመሾም የምክር ቤቱን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማግኘት አለበት፤ ከሥልጣን የሚነሳውም በሕጉ በተዘረዘሩ ምክንያቶች፣ ልዩ አጣሪ ጉባዔ ጉዳዩን ከመረመረ በኋላ ነው።

አንድ አገር፣ አንድ ሕገ መንግሥት፣ ሁለት በር። ለብዙ ዓመታት በሕግ ሥራ ላይ ስኖር፣ መሥሪያ ቤቴም ከአራት ኪሎ ስለማይርቅ የፓርላማውን የሰዓት ማማ በየዕለቱ እያየሁ ሳልፍ፣ ከዚህ ጉዳይ ጋር ሳልነጋገር የቀረሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስለ ተቋማት ነፃነት በምናደርገው ክርክር ሁሉ ስለ ሰዎቹ ማንነት ብዙ እንላለን፤ እነዚያ ሰዎች የገቡበትን በር ግን ቀና ብለን አናየውም። እኔ ዛሬ መናገር የምፈልገው ስለ በሩ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አርቃቂዎች ይህን ሥልጣን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ የሰጡት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ሥርዓቱ ፓርላሜንታዊ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ሲሆን የአብላጫው ድምፅ መሪም ነው። በወረቀት ላይ ምክር ቤቱ የሚቀርብለትን ዕጩ ሊጥለው ይችላል። ነገር ግን ይህ አስተሳሰብ የሚሠራው ጠንካራ ተቃዋሚ ባለበትና የገዥው ፓርቲ አባላትም መሪያቸውን መሞገት በለመዱበት ምክር ቤት ነው። ከ547ቱ መቀመጫዎች በ2002 ዓ.ም. 545ቱን፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አንድም ሳይቀር ሁሉንም ኢሕአዴግና አጋሮቹ ይዘው ነበር። በ2013ቱ ምርጫ ውጤታቸው መጀመሪያ ከተገለጸው 436 መቀመጫዎች ብልጽግና ፓርቲ 410ሩን አሸንፏል። እንዲህ ባለ ምክር ቤት ውስጥ ማጨትና መሾም በስም እንጂ በተግባር የተለያዩ ሥራዎች አይደሉም። የሁለት ሦስተኛ ድምፅ መስፈርትም ቢሆን፣ አንድ ፓርቲ ብቻውን ሊያሟላው በሚችልበት ምክር ቤት ውስጥ ብዙ የሚከለክለው ነገር የለም፤ ለዚህም ነው የኮሚቴው ስብጥር ከድምፅ ብዛቱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የተደረጉት ሹመቶች ለብዙዎቻችን ተስፋ ሰጥተው ነበር። በዳኝነት ዘመናቸው የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ እንዲፈቱ የወሰኑት፣ በኋላም በፖለቲካ ተሳትፏቸው የታሰሩት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢ ሆኑ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ እስር ቤት የገቡት ዶክተር ዳንኤል በቀለ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽኑ ዋና ኮሚሽነር ሆነው ተሾሙ። የሴቶችን መብት በማስከበር የታወቁት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ። እነዚህ ሰዎች ወንበራቸውን በክብር የያዙ ናቸው። የሰብዓዊ መብት ኮሚሽኑ በዶክተር ዳንኤል ጊዜ የፓሪስ መርሆዎች በሚባሉት፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 በተቀበላቸው መመዘኛዎች ተመዝኖ፣ ከ«ለ» ደረጃ ወደ «ሀ» ደረጃ ከፍ ማለቱን አንዘነጋውም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ከተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት ጋር በትግራይ ጦርነት ላይ ያወጣው የጋራ የምርመራ ሪፖርት ከየአቅጣጫው ተቃውሞ ቢገጥመውም፣ በጦርነቱ የተሳተፉ ወገኖችን ሁሉ በስም ጠርቶ የፈጸሙትን ጥሰት መዝግቧል።

ዳሩ ግን ወይዘሮ መዓዛ በጥር 2015፣ ወይዘሪት ብርቱካን በሰኔ 2015 በራሳቸው ጥያቄ ኃላፊነታቸውን ለቀቁ፤ የዶክተር ዳንኤል የ5 ዓመት ዘመንም በ2016 ክረምት አበቃ። ሦስቱ ሲሄዱ ያመጣቸው አሠራር ባለበት ቀረ። ጥሩ ሰው ሲታጭ የምናመሰግነው በር፣ ነገ ሌላ ዓይነት ሰው ሲታጭ የምንከራከርበት ሕጋዊ መሠረት አይሰጠንም፤ ሁለቱም የገቡት በሕጉ መሠረት ነውና። በ1997ቱ ምርጫ ጊዜ የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢ የነበሩት አቶ ከማል በድሪ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ፕሬዚዳንት እንደነበሩ እናስታውሳለን። በቦርዱ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ፓርቲ አቤቱታውን ወደ ፍርድ ቤት ሲወስድ፣ በፍርድ ቤቶቹ ሁሉ አናት ላይ የሚያገኘው ያንኑ የቦርዱን ሰብሳቢ ነበር። ሰውየው ምንም ያህል ቅን ቢሆኑ፣ እንዲህ ያለው አደረጃጀት ቅንነታቸውን ለተጠራጣሪ ዜጋ የሚያስረዳበት መንገድ የለውም።

ከሁሉም እጅግ ተዘንግቷል የምለው የሕዝብ ቆጠራ ኮሚሽኑ ነው። ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል፤ የምርጫ ክልሎችም በቆጠራው ውጤትና ምርጫ ቦርዱ በሚያቀርበው ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ በፌዴሬሽን ምክር ቤት እንዲወሰኑ ይደነግጋል። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። አራተኛው ቆጠራ በጸጥታና በመፈናቀል ምክንያት በተደጋጋሚ ሲራዘም፣ የኮሚሽኑ ሰብሳቢ የነበሩት ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበሩ። ሕገ መንግሥቱ በስም የሚጠራው፣ ተጠሪነቱንም ለምክር ቤቱ ያደረገው ኮሚሽን በአስፈጻሚው ሁለተኛ ሰው ሲመራ፣ ለማራዘም የቀረበው ምክንያት እውነት ቢሆን እንኳ ውሳኔውን የሰጠው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ ጥርት ያለ መልስ አይገኝም። ቁጥር የሚያህል የፖለቲካ ጉዳይ በሌለበት አገር ይህን የሚያነሳ ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ መግቢያው ነው። ከመግቢያው በኋላ ስላለው የተማርሁት ደግሞ በአብዛኛው ከመጻሕፍት ሳይሆን በኦዲት ሥራ ዕድሜያቸውን ካሳለፉ አንድ ጡረተኛ ጎረቤቴ ነው። ዋና ኦዲተሩ ዓመታዊ ሪፖርት ለምክር ቤቱ በሚያቀርብበት ሰሞን አራት ኪሎ ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ አብረን ተቀምጠን በቴሌቪዥን መከታተል ልማዳችን ሆኗል። ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ያልተሰበሰበ ገቢ፣ ደንብና መመሪያ ያልተከተለ ግዥ፣ ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ፤ የግኝቶቹ ዓይነት ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጥም፤ በዙሪያችን የተቀመጡትም ሰዎች የብሩ መጠን ሲነገር ቀና ይሉና መልሰው ወደ ወሬያቸው ይገባሉ።

ጎረቤቴ ግን ገንዘቡን አይሰሙም። አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የሒሳብ ደረሰኝ ገልብጠው በእስኪርቢቶ ሦስት ዓምድ አሰመሩልኝ። «ይኸውልህ ልጄ፣» አሉኝ፤ «በመጀመሪያው ግኝቱን ትጽፋለህ። በሁለተኛው መሥሪያ ቤቱ የሰጠውን ምላሽ ታሰፍራለህ። ሦስተኛው የተወሰደ እርምጃ ነው። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ሦስተኛው ላይ ብዙ ጊዜ የምጽፈው ‹በሂደት ላይ› የሚል ነበር። በዓመቱ ተመልሼ ስሄድም ያው በሂደት ላይ ነው። ኃላፊው ተቀይሯል፤ አዲሱ ኃላፊ ጉዳዩ ከእኔ በፊት የነበረ ነው ይላል፤ ሒሳብ ሹሙ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሯል።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ያስቸገረዎት ማን ነበር? በቀጥታ ያዘዘዎት ሰው ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ማንም አላዘዘኝም» አሉ። «አንድ መሥሪያ ቤት ላይ ከባድ ግኝት አግኝተን ነበር። መዝገብ አልከለከሉንም። የሰጡን ክፍል ግን መብራት የሌለው የዕቃ ግምጃ ቤት ነበር፤ መኪናቸው ሁልጊዜ ጥገና ላይ ነው፤ ሰነድ የሚሰጠው ሠራተኛ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። ለመስክ የተያዘልን ቀን አለቀ። ከዚያ በኋላ ቀን ለማስጨመር የውሎ አበል ያስፈልጋል፤ የውሎ አበሉ በጀት ደግሞ አልቋል። ያገኘነውን ያህል ጽፈን ወጣን።»

ይህ ንግግራቸው ስለ ነፃነት ከሰማኋቸው ማብራሪያዎች ሁሉ አስበልጬ የምይዘው ነው። አስፈጻሚው አንድን ተቋም ለማዳከም ትእዛዝ መስጠት አያስፈልገውም። የሠራተኛው ደመወዝ ከገበያው በታች ከቀረ ጥሩ ጥሩዎቹ ኦዲተሮች ወደ ባንክና ወደ ግል ድርጅት ይሄዳሉ፤ ክፍት የሥራ መደብ እንዲሞላ ፈቃድ ከዘገየ ምርመራው ይዘገያል፤ በጀቱ በሩብ ዓመት ተከፋፍሎ ሲለቀቅ የመጨረሻው ሩብ ካጠረ የመስክ ሥራው ይቀራል። ይህን ሁሉ የፈጸመው ሰው ነፃነትን የሚጻረር ወረቀት ላይ አልፈረመም። አንቀጽ 101 ዋና ኦዲተሩ የመሥሪያ ቤቱን በጀት ራሱ አዘጋጅቶ በቀጥታ ለምክር ቤቱ አቅርቦ እንዲያስጸድቅ መደንገጉ ስለዚህ ትልቅ ነገር ነው፤ አንቀጽ 79ም ለፍርድ ቤቶች ተመሳሳይ መብት ይሰጣል። ነገር ግን የጸደቀ በጀትና የተለቀቀ በጀት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚለቅቀው ገንዘብ ሚኒስቴር ነው፤ ገንዘብ ሚኒስቴር ደግሞ ኦዲተሩ ከሚመረምራቸው መሥሪያ ቤቶች አንዱ ነው።

ደቡብ አፍሪካውያን ይህን ጉዳይ ፍርድ ቤት አድርሰውታል። በ1991 ዓ.ም. የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤታቸው ስለ ምርጫ ኮሚሽኑ በሰጠው ፍርድ፣ የኮሚሽኑን በጀት መመደብ የፓርላማው እንጂ የአስፈጻሚው ሥራ እንዳልሆነ፣ ኮሚሽኑም የሚያስፈልገውን ገንዘብ ፓርላማው ፊት ቀርቦ የማስረዳት ዕድል ሊሰጠው እንደሚገባ ገለጸ። ኬንያውያን በ2002 ዓ.ም. ባጸደቁት ሕገ መንግሥት ለኮሚሽኖችና ለነፃ ጽሕፈት ቤቶች አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥተው፣ ኮሚሽነር የሚያገለግለው ለአንድ የ6 ዓመት ዘመን ብቻ እንዲሆንና ዳግመኛ እንዳይሾም፣ የእያንዳንዱም ኮሚሽን በጀት በተለየ ርዕስ እንዲጸድቅ ደንግገዋል። ዳግመኛ የማይሾም ሰው የሚያጨውን ሰው ደጅ የሚጠናበት ምክንያት አይኖረውም። በነገራችን ላይ ጎረቤቶቻችን ይህን ሁሉ ጽፈውም የምርጫ ኮሚሽናቸው ከውዝግብ አላረፈም፤ ሕጉ ጭቅጭቁን አላስቀረውም፤ ጭቅጭቁ የሚካሄድበትን ሜዳና ደንብ ግን ሰጥቷቸዋል።

የሪፖርቱን ማግስት በተመለከተ ግን ምሳሌ ፍለጋ ወደ ውጭ መሄድ አያስፈልገንም። ከፓርላማው ጀርባ፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ የተረሸኑት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ባለሥልጣናት መታሰቢያ ይገኛል። ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ከሟቾቹ መካከል ናቸው። በዚያች ሌሊት በሥራ ላይ የነበረ አንድ ኮሚሽን ነበር። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመውና ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም የመሩት መርማሪ ኮሚሽን፣ የወሎን ረሃብ መደበቅ ጨምሮ የቀድሞ ባለሥልጣናትን ጥፋት በማስረጃ እያጣራ፣ ምስክር እየሰማ፣ ጥፋተኛውን ከንጹሑ እየለየ ነበር። ደርግ ሥራው እስኪያልቅ አልጠበቀም። ኮሚሽኑን አልዘጋውም፣ አባላቱንም አላሰረም፤ ከበላዩ ተሻግሮ ተጠርጣሪዎቹን ከርቸሌ ውስጥ ረሸናቸው። ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት የቆመው በዚያው በዓለም በቃኝ ቦታ ላይ ነው። በዚያ መንገድ ባለፍሁ ቁጥር የሚታወሰኝ ከሟቾቹ ጋር አብሮ ያ ሳይጠናቀቅ የቀረ የምርመራ መዝገብ ነው፤ ቢጠናቀቅ ኖሮ ማን ምን እንዳጠፋ፣ ማንስ ምንም እንዳላጠፋ ልጆቻቸውም ሆኑ የወሎ ሰዎች በፍርድ ያውቁት ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ በብዙዎቻችን ዕድሜ የተፈጸመ ነው። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በተተኮሰ ጥይት ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ዳኛ ወልደሚካኤል መሸሻ በኋላ ከአገር ወጥተው እንደገለጹት፣ የኮሚሽኑ አባላት 8 ለ2 በሆነ ድምፅ የተወሰደው እርምጃ ከመጠን ያለፈ ነበር ብለው ወስነው ነበር። በጥቅምት 1999 ለምክር ቤቱ የቀረበው የመጨረሻ ሪፖርት ግን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አረጋግጦ፣ የተወሰደው እርምጃ ከመጠን አላለፈም የሚል ድምዳሜ ይዞ መጣ። ይህን ኮሚሽን ያቋቋመው ምክር ቤቱ ነው፤ ተጠሪነቱም ለምክር ቤቱ ነበር፤ በስሙም ገለልተኛ ነበር። ከድምዳሜው ጋር የማይስማማውን ድምፅ የሚጠብቅለት ሕግ ግን አልነበረም። አባላቱ ድምፅ ከሰጡ በኋላ ቃለ ጉባዔው ወዲያው ለሕዝብ የሚገለጥበት፣ ልዩነት ያለውም አባል ልዩነቱን አስመዝግቦ የሚወጣበት ግዴታ ቢኖር ኖሮ፣ ሰብሳቢው ያዩትን ለመናገር አገር ጥለው መሰደድ ባላስፈለጋቸውም ነበር።

ከዚህ በተቃራኒው መጋቢት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የሰጠውን ፍርድ አነሳለሁ። የሕዝብ እንባ ጠባቂዋ ቱሊ ማዶንሴላ፣ ፕሬዚዳንት ጃኮብ ዙማ ንካንድላ በሚገኘው የግል መኖሪያቸው ላይ ከወጣው የመንግሥት ገንዘብ ለጸጥታ ያልዋለውን ከፊሉን እንዲመልሱ ብላ ነበር። ፓርላማው ሪፖርቱን በራሱ ኮሚቴ ሽሮ ፕሬዚዳንቱን ነፃ አወጣ። ፍርድ ቤቱ ግን የእንባ ጠባቂዋ የእርምት ውሳኔ አስገዳጅ እንደሆነ፣ ፕሬዚዳንቱም ሆኑ ፓርላማው ሕገ መንግሥታዊ ግዴታቸውን እንዳልተወጡ ፈረደ፤ ገንዘቡም ተከፈለ። በዚያ ፍርድ ውስጥ እጅግ የሚያስደንቀኝ አንድ ነጥብ ነው፦ ውሳኔውን የማይቀበል ባለሥልጣን ፍርድ ቤት ሄዶ ማሻር ይችላል፤ ዝም ብሎ መተው ግን አይችልም። የእኛ እንባ ጠባቂና የእኛ ሰብዓዊ መብት ኮሚሽን የሚሰጧቸው የመፍትሔ ሐሳቦች ግን በተግባር ዝም በመባል ብቻ ሊሞቱ ይችላሉ።

ለተቋማት ነፃነት የሚሰነዘረውን ተቃውሞ አቅልዬ አላየውም። ማንም ያልመረጣቸው ሰዎች በተመረጠ መንግሥት ላይ ሲያዙ ሕዝብ የሰጠው ሥልጣን የት ይገባል የሚሉ አሉ፤ ደካማና ያልተቀናጀ መንግሥት ባለበት አገር ሁሉም የየራሱን መንገድ ከያዘ ሥራ አይሠራም የሚሉም አሉ። መልሴ እነዚህ ተቋማት አያዙም የሚል ነው። ኦዲተሩ በጀት አይመድብም፤ ምርጫ ቦርዱ ተወዳዳሪ አያቀርብም፤ ኮሚሽኑ ፖሊስ አያሰማራም። የሚያደርጉት ነገር ቢኖር የሆነውን መመዝገብና መናገር ነው። ስሕተት ሲሠሩም የሚጠየቁበት ቦታ አለ፤ ምክር ቤቱ ፊት ቀርበው ያስረዳሉ፤ ጥፋታቸው በሕግ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች አንዱ ከሆነም በአጣሪ ጉባዔ ይነሳሉ። መፍራት ያለብን ተጠሪነታቸው ለሚመረምሩት አካል እንዳይሆን ነው። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 433 ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. የመክሰስ ሥልጣኑ ተነሥቶ ኃላፊው የካቢኔ አባል ለሆነው ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተሰጠ፤ ተጠሪነቱም በኋላ በወጣ አዋጅ ወደ ምክር ቤቱ ዞረ። በአዋጅ የቆመ ተቋም በአዋጅ ሲጎድልና ሲሞላ ይኖራል። በሚያዝያ 2017 የመገናኛ ብዙኃን አዋጁ ሲሻሻልም የባለሥልጣኑን ዋና ዳይሬክተር የመሾም ሥልጣን ከምክር ቤቱ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተዛውሯል። አቅጣጫው ያሳስበኛል፤ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ነፃነት ስንገፋ የነበረውን በር አሁን ወደ ኋላ እየመለስነው እንዳይሆን።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው አባባል በአገራችን ሹመት ከሰጪው የሚቀበሉት ሲሳይ ሆኖ መቆየቱን ይናገራል። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ዋና ኦዲተሩን ንጉሠ ነገሥቱ እንዲሾሙት፣ ሪፖርቱንም ለንጉሠ ነገሥቱና ለፓርላማው እንዲያቀርብ አድርጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዙፋኑም ደርግም አልፈዋል። የተቆጣጣሪውን ስም መጀመሪያ የሚጽፈው እጅ ግን እስካሁን የሚገኘው በአስፈጻሚው ወገን ነው።

ይህን ለመለወጥ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ግድ ነው ብለው የሚያስቡ ባልደረቦች አሉኝ። አንቀጽ 105 ለማሻሻያ የሚጠይቀውን፣ የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልል ምክር ቤቶችን ሁለት ሦስተኛ ድጋፍ፣ ሲያስቡ ጉዳዩን ይተዉታል። እኔ ግን መንገዱ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍት ነው እላለሁ። አዋጅ ቁጥር 1133 የምርጫ ቦርድ አባላትን አመራረጥ ሲደነግግ፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩን ሕገ መንግሥታዊ ሥልጣን ሳይነካ ከፊቱ ዕጩዎችን የሚለይ መልማይ ኮሚቴ አስቀመጠለት፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚያቀርበው ከሃይማኖትና ከሲቪል ማኅበራት የተውጣጣው ኮሚቴ ከለያቸው ዕጩዎች መካከል፣ ከፖለቲካ ፓርቲዎችም ጋር ከመከረ በኋላ ነው። ለምርጫ ቦርድ የሠራ ሕግ ለዋና ኦዲተርና ለሕዝብ ቆጠራ ኮሚሽን የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። ምክር ቤቱ ሁለት አዋጆችን አሻሽሎ ተመሳሳይ ኮሚቴ ማቋቋም፣ የቆጠራ ኮሚሽኑንም ሰብሳቢ ሥልጣን ላይ ካለ የካቢኔ አባል ውጭ እንዲሆን መደንገግ ይችላል።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ትንሽ የሚመስል ጉዳይም እንዲታከል እፈልጋለሁ። የሰብዓዊ መብት ኮሚሽኑ በዋና ኮሚሽነሩ ዘመን ማብቂያ ላይ ለወራት በተጠባባቂ ተመርቷል። ተጠባባቂ ኃላፊ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን፣ ቋሚ ሹመቱን ይጠብቃል ወይም ከወንበሩ የሚነሳበትን ቀን አያውቅም፤ ከባድ ሪፖርት ለማውጣት ይህ አስቸጋሪ ቦታ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ የማቋቋሚያ አዋጅ ውስጥ የቀጣዩ ኃላፊ ዕጩ የማፈላለግ ሥራ የነባሩ ዘመን ከማለቁ ከ6 ወር በፊት እንዲጀመር፣ የኮሚቴው አባላትና የዕጩዎቹ ስም ለሕዝብ እንዲገለጥ፣ ዕጩዎቹም በቋሚ ኮሚቴው ፊት በግልጽ እንዲጠየቁ፣ ሹመቱ እስከ መጨረሻው ቀን ካልተፈጸመ ደግሞ ነባሩ ኃላፊ ተተኪው እስኪሾም ድረስ በሙሉ ሥልጣኑ እንዲቀጥል የሚያደርግ አንድ አንቀጽ ቢገባ፣ አስፈጻሚው ዝም በማለት ብቻ አንድን ተቋም ያለ ራስ ሊያቆየው አይችልም።